ያልበሰለ ውኃ

በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት የሚሠሩት ሁሉ «ሚዛን» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት አለቃዋ ነው። አንድ ቀን ለሕፃን የታዘዘ ሽሮፕ ልኩ በግማሽ ሚሊ ሊትር በዝቷል ብላ፣ ሐኪሙን ከምሳው አስነስታ ማዘዣውን እንዲያስተካክል አደረገችው። ሐኪሙ አኩርፎ ሲሄድ አለቃዋ ሳቀና፣ «ይቺን ሚዛን ያስቀየመ ወዮለት!» አለ። በዚያው ቀረ። እሷም ላይ ላዩን የተቆጣች መሰለች እንጂ አንጀቷ ቅቤ ጠጥቶ ነበር።

እቤትም ያው ናት። የስኳሩ ጣሳ የተገዛበት ቀን ተጽፎበታል። የልጇ የሳል ሽሮፕ የሚሰፈርበት ማንኪያ ለብቻው ሳጥን አለው። ባሏ ብረት በያጅ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ልቡ ግን የሕፃን። «እኔም የምበላሽበት ቀን ጀርባዬ ላይ ተጽፎብኛል፤ ዞሬ ማየት ስለማልችል ነው» እያለ በጓደኞቹ ፊት ይቀልድባታል።

አማቷ፣ የባሏ አባት፣ አብረዋቸው ይኖራሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው፣ አንድ ሰው ሳይገጩ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ቤቱ ሁሉ «አባባ» ይላቸዋል። ስድስት ዓመት የሆናትን የልጅ ልጃቸውን፣ ሚጣን፣ በየቀኑ ከመዋዕለ ሕፃናት የሚያመጧት እሳቸው ናቸው። ቆባቸውን ይደፋሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ አውቶቡስ እንደሚያስነሱ ሁሉ ደቂቃ ሳያዛንፉ ይወጣሉ።

ሚዛን የባሕር ዓሣ ማኖር የጀመረችው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ተራ ስትጠብቅ ግድግዳው ሥር የቆመ ገንዳ አየች፤ ውስጡ ኮራል የሚባለው የባሕር ፍጡር እንደ ጎመን ተዘርግቶ፣ ዓሦቹ በመሀሉ ይሽሎከለካሉ። የጥርሷን ሕመም ረሳችው። ከዚያ በኋላ በትንሽ ገንዳ፣ ዘጠና ሊትር በምትይዝ፣ የራሷን ባሕር አቆመች። ውኃው ተጣርቶ፣ ጨው በግራም ተመዝኖ፣ ሙቀቱ ጧትና ማታ ተለክቶ፣ ሁሉም በደብተር ይጻፋል። በስድስት ዓመት ውስጥ የሞተባት ሁለት ዓሣ ብቻ ነው፤ የሞቱበትም ምክንያት ተጽፏል።

አባባ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወንበራቸውን ከገንዳው ፊት አድርገው ይውላሉ። በተለይ የሚወዷቸው ብርቱካንማ መልክ ያላቸውን፣ ነጭ መቀነት የታጠቁትን ሁለቱን ዓሦች ነበር። እነዚህ ዓሦች የሚኖሩት «የባሕር አበባ» በሚባል፣ ጣት የሚያህሉ ክሮቹን በሚያወዛውዝ ፍጡር ውስጥ ነው። ትልቁ ከአበባው አይወጣም፤ ትንሹ ብቅ ጥልቅ ይላል።

«ሹፌሩና ረዳቱ ናቸው» ይላሉ አባባ። «ያውና ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሰው ይጠራል።»

«አባባ፣ ትልቋ እኮ ሴት ናት» አለቻቸው ሚዛን አንድ ቀን።

«ታዲያ ሴት ሹፌር የለችም?»

እንዲህ ሲኖሩ ሚዛን ትልቅ ገንዳ አማራት። አምስት መቶ ሊትር የሚይዝ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል። ባሏ በመጀመሪያ «ቤት ውስጥ ወንዝ?» ብሎ ሳቀ፤ በኋላ ግን ነገሩን እንደ ራሱ ያዘው። ውኃው ከነድንጋዩ ስድስት ኩንታል ያልፋል ስትለው በወፍራም ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ብረት መቆሚያ በየደለት። ጥንካሬውን ለመፈተን አራት የሥራ ጓደኞቹን ላዩ ላይ አስቀምጦ ሻይ አስጠጣቸው። ወለሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብል ስለነበር ውኃ ልክ እያስቀመጠ፣ ከመቆሚያው እግር ሥር ቆርቆሮ እየሰገሰገ፣ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ በደረቱ ተኝቶ አሳለፈ። መስታወቱን ስድስት ሰው ተሸክሞት ሲገባ አባባ በር ላይ ቆመው «ወደ ግራ! ጎማውን አዙር! ቀጥ!» እያሉ አስገቡት።

የተጣራው ውኃ ተጠራቅሞ ጀሪካኖቹን እስኪሞላ አራት ቀን ፈጀ። ጨዉ ተመዘነ፣ ተበጠበጠ። አሸዋው ታጠበ። ከዓሣ መደብሩ የመጡት ድንጋዮች እንደ ዋሻ ተደርድረው ቆሙ፤ ከአሮጌው ገንዳም ሁለት ድንጋይ ተጨመረላቸው። ፓምፑ ሲነሣ ውኃው ተናወጠ፣ ደፈረሰ፣ በማግሥቱ ጠራ። ሚጣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ «ዓሦቹስ?» አለች።

ዓሦቹ መቆየት ነበረባቸው። የመደብሩ ባለቤት፣ ዕድሜውን ሁሉ ከእርጥብ ወለል ላይ ቆሞ የኖረ ቀጭን ሰው፣ አስጠንቅቋት ነበር። «እመቤቴ፣ ውኃው እስኪበስል ምንም እንዳታስገቢ። ድንጋዩ ላይ የሞተ ነገር አለ፤ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባለውን መርዝ ይለቃል። መርዙን የሚበሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት እስኪበዙ አንድ ወር ይወስዳል፤ ወር ተኩልም ሊሆን ይችላል። በጠብታው መርምሪ። ቢጫ ከሆነ ንጹሕ ነው። አረንጓዴ ከሆነ መርዝ አለ። ዓይን ግን አይታመንም፤ የተመረዘ ውኃ ከመስታወቱ ይልቅ ይጠራል።»

ይህንን ለአባባ ስትነግራቸው ጥቂት አሰቡና «ሳይጣድ እንዴት ነው የሚበስለው?» አሉ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ነገሩን ያበላሸው የመድኃኒት ቤቱ ወሬ ነው።

አለቃዋ ስለ ገንዳዋ ስታወራ ሁልጊዜ «ዓሣ አለኝ ትያለሽ፤ በቆርቆሮ ነው ወይስ በብርጭቆ?» ይላታል። ሌሎቹ ይስቃሉ። ትልቁ ገንዳ በቆመ በአሥረኛው ቀን እንደገና ይህንኑ አለ። ሚዛንም ደሟ ፈላና፣ «እንግዲያው እሑድ ምሳ ኑና በዓይናችሁ እዩ!» አለች። አምስቱም ባልደረቦቿ እንመጣለን አሉ። ወዲያው ነገሩ ትዝ ሲላት፣ «ለጊዜው ድንጋዩን ነው የምታዩት፤ ውኃው ገና ነው» ብላ ልታለዝበው ሞከረች። አለቃዋም ዓይኑን ገርበብ አድርጎ፣ «ለምሳ ጠርተሽ ድንጋይ ልታሳዪን?» አለ። ሳቁ እስከ መተላለፊያው ተሰማ።

ቅዳሜ ጧት፣ ገንዳው በቆመ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሚዛን ውኃውን መረመረች። ትንሿን ብልቃጥ ሞላች፣ ጠብታውን ጨመረች፣ ነቀነቀች፣ አምስት ደቂቃ ጠበቀች። አረንጓዴ ሆነ። ከመለኪያው ካርድ ጋር አስተያየችው፤ ሁለተኛው አረንጓዴ። ወደ መስኮቱ ወሰደችው፤ አረንጓዴ። ወደ መብራቱ መለሰችው። «አምፖሉ ነው» አለች ለራሷ። «የአምፖሉ ብርሃን ነው የሚያጠቁረው።» አምፖሉ ግን ነጭ ነበር፤ እሷው ራሷ መርጣ የገዛችው፣ ቀለም እንዳያሳስት።

ደብተሯን ከፈተች። ቀኑን ጻፈች። አሞኒያ ከሚለው ፊት ለፊት «ዜሮ» ብላ ጻፈች። በኋላ ነገሩን ስታስበው ከሁሉ ይልቅ ፊቷን የሚያቃጥላት ይህ ነበር፦ እጇ አልተንቀጠቀጠም። ጽሑፏ እንደ ወትሮው ያማረ ነበር።

ባሏ መረቡን ይዛ ስትቆም አይቶ፣ «ደረሰ እንዴ? ሰውዬው አንድ ወር አላለም?» አላት።

«ከአሮጌው ገንዳ ድንጋይ ስለጨመርንበት ፈጠነ» አለች።

እሱም አመናት። እሷን ያላመነ ማንን ያምናል?

እሑድ የሆነውን ሰው ሁሉ አየ። መብራቱ ሰማያዊ ሆኖ፣ ኮራሉ ተዘርግቶ፣ ሹፌሩና ረዳቱ አዲሱን ባሕር እየዞሩ፣ ቢጫው ዓሣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተወረወረ። አለቃዋ አፉን ከፍቶ ቆመ። አባባ ከነቆባቸው አስጎብኚ ሆኑ፤ ሹፌሩን አስተዋወቁ፣ ረዳቱን አስተዋወቁ፣ ብዙ እግር ያላትን ሽሪምፕ «ተቆጣጣሪዋ» ብለው አስተዋወቁ። እንግዶቹ ሲሄዱ አለቃዋ በር ላይ ዞሮ፣ «ሚዛን፣ አፌን አስያዝሽኝ» አላት። እንዲህ ያለ ቀን ኖራ አታውቅም።

ሰኞ ከሥራ ስትመለስ ዓሦቹ ከውኃው አናት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ኮራሉ ተኮማትሯል። የባሕር አበባው ከድንጋዩ ለቅቆ አሸዋው ላይ በጎኑ ወድቋል። ሚዛን ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆማ ቀረች። መመርመሪያውን ማውጣት አላስፈለጋትም። ውኃው እንደ መስታወት የጠራ ነበር።

አሮጌውን ገንዳ ቅዳሜውኑ አፍርሳው ነበርና ዓሦቹን የምትመልስበት የለም፤ ከእሱ የተረፈውን ውኃ፣ ከጀሪካን የቀረውን ሁሉ ለዋወጠች። በከንቱ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከአሥራ አንዱ ነፍስ አንድም አልተረፈም። የባሕር አበባው ሲሟሟ ጠረኑ ቤቱን ሞላው። ባሏ መስኮቶቹን ከፈተ፤ ሚጣ መኝታ ቤት ሆና ታለቅሳለች።

አባባ ያን ጊዜ ነው ወደ ሳሎኑ የገቡት። ቆባቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ልጆቼ» አሉ፣ «እኔ ነኝ።»

ባልና ሚስት ዞሩ።

«ትናንት ጧት ቁርሴን በልቼ እጄን ታጠብኩ። ከዚያ አበባው ወድቆ አየሁት። ሹፌሩ ቤት አጥቶ ይንከራተታል። አሳዘነኝና እጄን ከትቼ ላቃናው ሞከርኩ። ሳሙና... ሳሙናውን በደንብ አላለቀለቅሁት ይሆናል። እንጃ። በእጄ ነው የሞቱት።»

ባሏ ደክሞት ነበር፣ ልጁ ታለቅሳለች፣ ቤቱ ይሸታል። ጮኸ። «አባባ! ስንት ጊዜ ነው እጅዎን አያስገቡ የተባለው? ስንት ጊዜ? የስድስት ዓመት ድካሟን እኮ ነው!»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ቀና ብለው ያዩት ልጃቸውን አልነበረም፤ ሚዛንን ነው። ከሷ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው።

አበባው ከመንካታቸው በፊት መውደቁን እየነገሯት ነበር። ገና ሰኞ ጧት መርዙ ሥራውን ጨርሶ እንደነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ያወጣችው ግን ሌላ ነው።

«ሳሙና እኮ ዓሣ አይችለውም፣ አባባ» አለች።

ውሸት አልነበረም፤ ዓሣ ሳሙና አይችልም። እውነቱን የሸፈነችው በእውነት ነው። እንዲህ ያለውን ሽፋን ደግሞ ማንም አይገልጠውም።

ወሬው ዞረ። ባሏ ለታላቅ እህቱ በስልክ ነገራት። እህትየው ከከተማው ሌላ ጫፍ ትኖራለች፤ ነገር ሁሉ ያስቃታል። ሰላም ልትል ስትደውል «ባሕር ያደረቁት አባባ አሉ?» ማለት አበዛች። በመድኃኒት ቤቱም አለቃዋ «ምን ሆኑብሽ?» ሲላት፣ «አማቴ በሳሙና እጃቸው ገብተውበት» አለች። «አይ ሽማግሌ!» አሉ ሁሉም፤ አዘኑላት።

አባባ ግን ተለወጡ። ወንበራቸውን ከሳሎን አውጥተው ወደ ጓሮው በር አዞሩት። እጃቸውን ከኋላ አጣምረው መሄድ ጀመሩ። ብርጭቆ ሊያነሡ ሲሉ እንኳ «ላንሳው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሚዛን «አባባ፣ የራስዎ ቤት ነው» ስትላቸው «እሱስ ነው» ይላሉ። ገና በማግሥቱ ደግሞ ልጃቸውን ጠርተው፣ ሚጣን ከመዋዕለ ሕፃናት ጎረቤት እንድታመጣት አድርግ አሉት። «ጉልበቴን ያመኛል» አሉ። ሚዛን ምሳ ዕቃ እያጠበች ትሰማ ነበር። ጉልበታቸውን አሟቸው አያውቅም።

ብዙ ጊዜ ልትነግራቸው ተነሣች። አንድ ቀን እስከ በራቸው ሄደች፤ ሬዲዮ እየሰሙ አገኘቻቸውና «ድምፁን ልቀንስልዎት?» ብላ ተመለሰች። ቀኑ በረዘመ ቁጥር ነገሩ ከበደ። መጀመሪያ የሚያሳፍራት የዓሦቹ ነገር ነበር፤ ከዚያ የደብተሩ፤ ከዚያ ያቺ የሳሙና ቃል፤ በመጨረሻ ዝምታዋ ሁሉንም በለጠ። ምግብ አልበላ አላት። ባሏ ለዓሦቿ ያዘነች መስሎት፣ «አይዞሽ፣ ሌላ እንገዛለን» እያለ ያባብላታል። ሲያባብላት ደግሞ ይብስባታል።

ዓሦቹ ባለቁ በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ መድኃኒት ቤቱ ሰው በሰው ሆኖ ሳለ፣ «አርባ ሰባት!» ብላ ተጣራች። በመስኮቱ የመጡት አባባ ነበሩ። ሸሚዛቸው ተተኩሷል፣ ቆባቸውን አውልቀዋል። የተራ ቁጥሩን ወረቀት እንደ አውቶቡስ ቲኬት በሁለት ጣታቸው ይዘዋል።

«አባባ! ምን ሆኑ? በጎን በኩል ቢያስጠሩኝ ምን ነበር?»

«ሰው ተሰልፎ የለም እንዴ» አሉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እቤት ብጠይቅሽ ልጄ ይሰማል ብዬ ነው። ለሚዘነጋ ሰው የሚሆን መድኃኒት አለ ወይ?»

«ማነው የሚዘነጋው?»

«እኔ ነኛ። ያን ቀን እጄን መታጠቤን አውቃለሁ። ማለቅለቄን ነው ያጣሁት። አንዴ አለቅልቄያለሁ እላለሁ፣ አንዴ አላለቀለቅሁም እላለሁ። ይኼን ያህል ከጠፋብኝ፣ ነገ ሚጣን መንገድ ሳሻግር ቀዩ መብራት ቢጠፋብኝስ? ዓሣ ነው ይባላል። ልጅ ግን...» ቃሉን አልጨረሱትም። «ስለዚህ መድኃኒት ካለው እወስዳለሁ። መራራም ቢሆን።»

ከኋላቸው ሕፃን ያዘለች ሴት ነበረች፤ ከሷ ኋላ በክራንች የቆመ ሰው። ሚዛን መስኮቱን ለባልደረባዋ ሰጥታ በጎኑ በር ወጣች። አባባን ክንዳቸውን ይዛ ወደ ዕቃ ክፍሉ አስገባቻቸው። ግሉኮስ የያዙ ካርቶኖች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ አንዱ ላይ አስቀመጠቻቸው። እሷ ቆመች።

ነገረቻቸው። አረንጓዴውን፣ አምፖሉን፣ «ዜሮ» ብላ መጻፏን። እሳቸው ሳይነኩት አበባው የወደቀው ስለተመረዘ መሆኑን። «እጅዎ ምንም አላደረገም፣ አባባ። ሳሙና ቢኖርበት እንኳ ከዚያ በፊት አልቆላቸው ነበር።»

ሽማግሌው መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ነኝ ብዬ ስገባ፣ ያኔ ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ አባባ።»

ከካርቶኑ ላይ ተነሡ። ፊታቸው ቀልቷል፤ ተቆጥተው አይታቸው ስለማታውቅ መጀመሪያ የታመሙ መሰላት። «ሃያ ሦስት ቀን!» አሉ። «ሃያ ሦስት ቀን የልጅቷን እጅ አልያዝኩም! ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ነፍስ ይዞ የነዳ እጅ ነው ይሄ። ሰውነቴን ሁሉ እጠራጠር ነበር። ልጄ ሲጮህብኝ ልክ ነው አልኩ። አንቺ ዕቃ እያጠብሽ ትሰሚያለሽ!»

ሚዛን ልትንበረከክ ዝቅ አለች።

«ተነሺ» አሉ። «ካርቶኑን ትደረምሺዋለሽ።» ቆባቸውን ደፉ። «ይቅርታሽን እዚህ በካርቶን መሀል አልቀበልም። ስሜ የጠፋው ሰው ፊት ነው፤ የሰሙት በሙሉ ይስሙ።» ወጡና በተሰለፈው ሰው መሀል ቀጥ ብለው ሄዱ። የተራ ቁጥሩ ወረቀት መሬት ላይ ቀርቷል።

ያን ቀን ቀርባ ለአለቃዋ ነገረችው። የሚቀልድ መስሏት ነበር፤ ቢቀልድባት ይሻላት ነበር። እሱ ግን አልቀለደም። «በደብተሩ ላይ ዜሮ ብለሽ ጻፍሽ? እያየሽው?» አለ። «አዎ» አለች።  ከማግሥቱ ጀምሮ የምትሰጠውን መድኃኒት መዝገብ ለአንድ ወር ያህል እየመጣ፣ መስመር በመስመር፣ በጣቱ እየተከተለ ያነብ ነበር። «ሚዛን» ብሎም አልጠራትም፤ ስሟን ከነአባቷ ስም በወግ ይጠራት ጀመር። ባልደረቦቿ አንገታቸውን ደፍተው ክኒን ይቆጥራሉ። ልክ ነው፣ ትላለች በልቧ፤ እኔም ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር።

እሑድ እህትየው ለምሳ መጣች። ሚዛን ሳህኑ ሳይነሣ ተናገረች፤ ደብተሩንም ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እህትየው እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እኔ ደግሞ ባሕር ያደረቁት እያልኩ!» አለችና ወደ አባቷ ዞረች። «አባባ፣ ምነው ዝም አሉኝ?»

«የሚያስቅሽ መስሎኝ» አሉ።

ባሏ ደብተሩን ስቦ ገጹን አየው። ያቺን ዜሮ በአውራ ጣቱ ደባበሳት፤ የምትጠፋ ይመስል። ሲናገር ድምፁ አልወፈረም። «እኔ ያንቺን ቃል ይዤ አባቴ ላይ ጮህኩ» አለ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ፣ «አባባ፣ ጮኼብዎታለሁ» አላቸው።

«ጮኸሃል። ሰምቻለሁ።»

ሰውዬው እንደ ልጅ አለቀሰ። ሚዛን ባሏ ሲያለቅስ ማየት እሷ ከምታለቅሰው ይበልጥ እንደሚያሳፍር ያን ቀን አወቀች።

አባባ ይቅርታዋን ተቀበሉ። ሆኖም በዚያው ዕለት ልብሳቸውን በቦርሳ አድርገው ከሴት ልጃቸው ጋር ሄዱ። በር ላይ፣ «ኩርፊያ አይደለም» አሏት። «እጄን ያልተጠራጠርኩበት ቤት ጥቂት ልቀመጥ ብዬ ነው።»

በማግሥቱ ሚጣ አያቷን ፈለገች። ሚዛን ልጇንም መዋሸት አልቻለችም፤ አጎንብሳ ነገረቻት። ሚጣ በጥሞና ሰማች።

«ዋሽተሽ ነው?»

«አዎ፣ ሚጣዬ።»

«እኔ ስዋሽ ጥግ ታስቆሚኛለሽ።»

 ሚዛን ሄዳ ጥግ ቆመች። ባሏ ከሥራ ሲገባ ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ልጁ ደግሞ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቃት አገኛቸው። ከእሑድ ጀምሮ አላናገራትም ነበር። «ስንት ደቂቃ ቀራት?» ብሎ ሚጣን ጠየቃት። «አሥር» አለች ሚጣ። እሱም ልብሱን ለውጦ መጥቶ እስክትጨርስ ጠበቀ። እንደገና መነጋገር የጀመሩት ያን ዕለት ነው፤ ጥቂት ጥቂት፣ ስለ ዳቦና ስለ ቧንቧ።

ገንዳው ባዶውን ዋለ፣ ሰነበተ። ፓምፑ ይዞራል፣ መብራቱ ጠፍቷል። ሚዛን በየቅዳሜው ወደ እህትየው ቤት እየሄደች አባባን ትጠይቃለች። በትሕትና ይቀበሏታል፤ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ አየሩ ጠይቀው። «ልጄ» አይሏትም። ትሕትናቸው ከቁጣቸው ይልቅ ይቆጠቁጣት ነበር፤ ቢሆንም አንድ ቅዳሜ አልቀረችም።

በሁለት ወራቸው፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በሩ ተንኳኳ። አባባ ናቸው፣ ከነቦርሳቸው።

«ልጄ ቤት ደረጃው በዛ» አሉ ሲገቡ። «እሷም ሳቋ በዛ።» ሰዓታቸውን አዩ። «ሚጣ የምትወጣበት ሰዓት አልተለወጠም?»

«አልተለወጠም፣ አባባ።»

ቦርሳውን እዚያው አስቀምጠው ወጡ። ሚዛን በመስኮቱ አየቻቸው፤ መንገዱ ዳር ቆሙ፣ ግራ ቀኝ አዩ፣ ተሻገሩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲመለሱ ወደ ጓዳ ሸሸች፤ በምን ፊቷ ትያቸው?

ዛሬ ገንዳው ዓሣ አለው። ውኃው ቢጫ ካሳየ በኋላ እንኳ ሌላ ወር ጠብቃ ነው ያስገባችው። አባባ ከፊቱ ይቀመጣሉ፣ ግን እንደ ድሮው ቀኑን ሙሉ አይደለም። እንግዳ መጥቶ «እንዴት ያምራል!» ሲል ሚዛን ጆሮዋ ይግላል፤ «የመጀመሪያዎቹን ገድዬአቸው ነበር፤ አማቴ ላይም አሳበብኩ» ትላለች፣ በአጭሩ። እንግዳው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። ያኔ አባባ ጣልቃ ይገባሉ። «አንቺ ታሪክ አትችይም፤ እኔ ልንገራቸው» ይላሉና ከመስታወቱ መግባት ጀምረው፣ ተራ ይዘው መሰለፋቸውን፣ የግሉኮስ ካርቶኑን፣ ጥግ መቆሟን አስረዝመው ያወራሉ። ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። ሚዛንም ትስቃለች።

ታሪኩ «እኔ ነኝ» ብለው ወደ ሳሎን የገቡበት ላይ ሲደርስ ግን አባባ ሁልጊዜ ትንሽ ያቆማሉ። እንግዳው ትንፋሽ የሚስቡ ይመስለዋል። እሷ ውኃ ላምጣ ብላ ትነሣለች።